ያለ መሪ አምስት ቀን

አማቼ በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ መንዳት ከጀመረ 14 ዓመት ሆኖታል፤ በእነዚህም ዓመታት ውስጥ ከሚያስቀድስበትና ከሚተኛበት ሰዓት በቀር እጁ ከመሪ ተለይቶ እንደማያውቅ ልጄ አንዳንድ ጊዜ በኩራት፣ ብዙውን ጊዜ ግን በምሬት ትናገራለች። ይህ ሰው ባለፈው ሐምሌ ሚስቱንና ልጆቹን፣ እግረ መንገዱንም እኔን ሽማግሌውን ይዞ፣ በፍሎሪዳ በኦርላንዶ ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ወደሚባለው ታላቅ የመዝናኛ አገር ለመሄድ በቆረጠ ጊዜ፣ እራት ቀርቦ፣ እጃችንን ታጥበን፣ ጸሎቱ አልቆ፣ እንጀራው ገና ሳይቆረስ፣ ከስእለት የማያንስ ቃል ተናገረ፤ ይኸውም በዚያ በሚቆይባቸው አምስት ቀናት መኪና እንደማይከራይ፣ መሪ እንደማይጨብጥ፣ በማንኛውም ትንሽ መኪና እንደማይሳፈር ነበር። «አባባ፣ እርስዎ ምስክሬ ይሁኑ» አለኝ። የሰው ስእለት ምስክር መሆን ወጪ የሌለበት ሥራ ስለ ሆነ፣ እኔም ሳላመነታ እሺ አልሁት።

የዚህን ቃል ክብደት ለመመዘን፣ በአሜሪካን አገር መኪና የሌለው ሰው በምን ዓይን እንደሚታይ ማወቅ ያስፈልጋል። ልጄ በምትኖርበት በቨርጂኒያ አንድ ጥዋት አየሩ ደስ ቢለኝ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ምርኩዜን ይዤ፣ ወተት ልገዛ በእግሬ ብወጣ፣ ገና መንገዱን ሳላጋምስ ሁለት መኪኖች ተራ በተራ አጠገቤ ቆሙ፤ ነጂዎቻቸውም መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ደኅና መሆኔን፣ ምናልባትም ቤቱ ጠፍቶብኝ እንደ ሆነ በትሕትና ጠየቁኝ። በአገራችን በእግሩ የሚሄድ ሰው «ወዴት ነው?» ይባላል እንጂ «ምን ሆነሃል?» አይባልም። ስለዚህ ልጄ የባሏን ስእለት በሰማች ጊዜ፣ ሁለት ልጆችና አንድ ሽማግሌ ይዞ ያለ መኪና ወደ ፍሎሪዳ መውረድ ያለ ስንቅ ወደ ገዳም ከመውጣት የሚለይበትን ነገር ሊያሳያት የሚችል ሰው እንዳለ ጠየቀች። ዘጠኝ ዓመት የሆናት የልጅ ልጄ ግን በዚያ አገር የሚመላለሱትን አውቶቡሶች፣ ጀልባዎችና ባቡሮች ከነመሥመራቸው እንደ ዳዊት አጥንታቸው ኖሮ፣ አንድ በአንድ ስትደግማቸው ክርክሩ በእርሷ ተዘጋ።

ቦታው ሰው እንደሚያስበው የአንድ ቀን መናፈሻ አይደለም። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህንንም ወደ ጥንቱ አቆጣጠራችን ብንመልሰው 250 ጋሻ መሬት ይሆናል፤ ይህን የሚያህል ርስት በድሮው ዘመን ከደጃዝማች በታች የሆነ ሰው በሕልሙም አያየውም ነበር። ዋልት ዲዝኒ ይህንን ጫካና ረግረግ በ1964ና በ1965 (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የገዛው በገዛ ስሙ ሳይሆን ማንም በማያውቃቸው በልዩ ልዩ ኩባንያዎች ስም ነበር፤ ገዢው እርሱ መሆኑ ቢሰማ የመሬቱ ዋጋ ሰማይ እንደሚነካ ያውቅ ነበርና። የእኛ አገር የመሬት ደላሎች ይህን ታሪክ ቢሰሙ ጉልበቱን ስመው ደቀ መዛሙርት በሆኑለት ነበር። ነገር ግን ሰውዬው ርስቱን ሳያቀናው በ1966 መጨረሻ ዐረፈ፤ ጡረታ ሊወጣ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ሮይም ጡረታውን አቆይቶ፣ ማጂክ ኪንግደም የተባለውን የመጀመሪያውን ክፍል በ1971 ኦክቶበር 1 ቀን ካስከፈተ በኋላ፣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ወንድሙን ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ኤፕኮት በ1982፣ ዛሬ ሆሊውድ ስቱዲዮስ የሚባለው የሲኒማ መናፈሻ በ1989፣ አኒማል ኪንግደም በ1998 ተጨምረው መናፈሻዎቹ አራት ሆኑ፤ በመካከላቸውም ሐይቁ፣ ጫካውና ሆቴሉ ተዘርግቷል። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሬ እሄዳለሁ የሚል ሰው ቢኖር፣ ግሸን ማርያምን ደጋግሞ የተሳለመ መሆን አለበት።

ከአውሮፕላን ጣቢያው ወደ ሆቴላችን ያደረሰን ትልቅ አውቶቡስ ነው። ከ2005 ጀምሮ እስከ 2021 መጨረሻ ድረስ በዲዝኒ ሆቴሎች የሚያርፍ እንግዳ ከአውሮፕላን ጣቢያው በነጻ ይወሰድ ነበር፤ እኛ የደረስነው ግን ያ ደግ ዘመን ካለፈ በኋላ ስለ ሆነ፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ከፍለን ተሳፈርን። በዚህ ጕዞ ላይ አንድ ነገር አስተዋልሁ። አማቼ ከነጂው በስተ ኋላ በሦስተኛው ወንበር ላይ፣ እጆቹን በደረቱ አጣምሮ፣ ፊቱን እንደ ባሕታዊ አረጋግቶ ተቀምጦ ሳለ፣ ቀኝ እግሩ ግን የስእለቱን ወሬ የሰማ አይመስልም ነበር፤ አውቶቡሱ ከፊቱ ወዳለው መኪና በተጠጋ ቁጥር ያ እግር የሌለውን ፍሬን ይረግጣል፤ መንገዱ ሲከፈትም ቀስ ብሎ ይለቃል። ነጂው መሥመር ሊለውጥ ሲል ደግሞ የአማቼ ዓይን የሌለ መስተዋት ፍለጋ ወደ ግራው ይሄዳል። ልጄ ይህን አይታ፣ ምንም ሳትናገር ጉልበቱን በእጇ ጫን አደረገችው፤ እግሩም ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ።

በማግሥቱ ጥዋት በሆቴላችን ደጅ ካለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ተሰለፍን። መቆሙስ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ መገናኛና ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ጠብቆ ያረጀ ሰው ሃያ ደቂቃ መቆምን እንደ ዕረፍት ይቆጥረዋል። እንግዳ የሆነብኝ ጸጥታው ነው። አውቶቡሱ መጥቶ ይቆማል፤ የሚሄድበት ቦታ ስም በግንባሩ ላይ በብርሃን ፊደል ተጽፏል፤ ከዚያ በቀር መድረሻውን የሚጣራ፣ መንገደኛውን የሚለማመጥ፣ «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ አሥር ሰው የሚያስገባ ረዳት የለም። ደግሞም አውቶቡሱ አንዴ ከሆቴሎቹ ሰፈር ከወጣ መናፈሻው ደጅ ሳይደርስ ስለማይቆም፣ ዕድሜ ልኬን ስጠቀምባት የኖርኋት «ወራጅ አለ!» የምትለው ቃል በአፌ ውስጥ ሥራ ፈትታ ተቀመጠች።

ከፊታችን አንድ ግዙፍ አባት ቆሞ ነበር። ሕጉ የሕፃናት ጋሪ ካልታጠፈ ወደ አውቶቡስ አይግባ ስለሚል፣ ይህ ሰው አውቶቡሱን ከሩቅ ባየ ጊዜ ሕፃኑን በግራ ክንዱ አቅፎ በቀኝ እጁ ጋሪውን ማጠፍ ጀመረ። አንዱን ቁልፍ ተጫነ፤ ጋሪው እንደ ሰጋጅ በፊቱ ተደፋና ተመልሶ ቀና አለ። በጉልበቱ ገፋው፤ መቀመጫው ታጠፈ፣ መንኮራኩሩ ግን ተዘረጋ። በመጨረሻ በእግሩ ቢመታው፣ ከጋሪው ሥር ከተንጠለጠለው ቅርጫት አንድ ጠርሙስ ጭማቂ፣ ግማሹ የተበላ ብስኩት፣ አንድ እግር የሕፃን ጫማና ባለ ሁለት ጆሮ የአይጥ ቆብ በየተራ ወጥተው በአስፋልቱ ላይ ተንከባለሉ። ልጄ እኔ ከአዲስ አበባ ባመጣሁላት አንቀልባ ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጇን አዝላ ስለ ነበረ ሁለቱም እጆቿ ነጻ ነበሩ፤ ጫማውንም ቆቡንም ሰብስባ ሰጠችው። ሰውዬው አመስግኖ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ወደ ጀርባዋ ዞሮ አንቀልባውን ከላይ እስከ ታች ከመረመረ በኋላ፣ የት እንደሚሸጥና እንዴት እንደሚታጠፍ ጠየቃት።

እዚህ ላይ የዚያን አገር ሥርዓት ምሥጢር መግለጽ ይገባኛል፤ ካየሁት ሁሉ የሚያስደንቀው እርሱ ነውና። በገዛ መኪናው የሚመጣ ሰው ማጂክ ኪንግደም ደጅ ድረስ አይነዳም። መኪናውን ከሐይቁ ማዶ በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ፣ የማቆሚያ ከፍሎ፣ ይተወዋል፤ ከዚያ በተጎታች ሠረገላ ወደ ትልቁ ጣቢያ ይወሰዳል፤ ከጣቢያውም ወይ በጀልባ ሐይቁን ይሻገራል፣ ወይ በአንድ ሐዲድ ላይ በሚሄደው ሞኖሬል በሚባለው ባቡር ይዞራል፤ ደጁን የሚረግጠው ይህን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ ነው። በሆቴሎቹ አውቶቡስ የመጣው እግረኛ ግን ለጕዞው ሳይከፍል፣ ውኃ ሳይሻገር፣ ከደጁ አጠገብ ይወርዳል። በዓለም ሁሉ ባለ በቅሎው ሲከበርና እግረኛው ገለል በል ሲባል ኖሮ፣ በዚህች በ250 ጋሻ ምድር ብቻ እግረኛው ቀድሞ ገብቶ ባለ በቅሎውን ከውስጥ ሆኖ ይጠብቀዋል። አማቼ ይህንን በተረዳ ጊዜ አንገቱን ቀና አድርጎ መራመድ ጀመረ፤ በአሜሪካን አገር መኪና ባለመያዙ የኮራ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ይህን ክብር እኔ በሁለተኛው ቀን በገዛ እጄ አበላሸሁት። ወረፋ ልይዝ ብዬ ከቤተ ሰቡ ቀድሜ ወደ ማቆሚያው ሄድሁ፤ መነጽሬ በልጄ ቦርሳ ውስጥ ቀርቷል፤ ከመጣው አውቶቡስ ግንባር ላይ አጥርቼ ለማንበብ የቻልሁት የመጨረሻውን ቃል፣ «ኪንግደም» የሚለውን ብቻ ነበር። በአንድ አገር ሁለት መንግሥታት ሊኖሩ እንደማይገባ ታሪክ ስላስተማረኝ፣ ሌላ ኪንግደም ይኖራል ብዬ ሳልጠራጠር ገባሁ። በሩ ከተዘጋ በኋላ በመስኮት ብመለከት፣ አማቼ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ይሮጣል፤ ሰዎች በዋሽንግተን አውራ ጎዳና 14 ዓመት ሙሉ ለእርሱ ሲያነሡለት የኖሩትን እጅ እርሱ ለአውቶቡስ ሲያነሣ ሳይ ልቤ አዘነ። ያን ጊዜ ያቺ ሥራ ፈት ቃሌ «ወራጅ አለ!» ብላ ከአፌ አመለጠች፤ አጠገቤ የነበረች አሮጊትም በአገሬ ቋንቋ ሰላምታ የሰጠኋት መስሏት በፈገግታ መለሰችልኝ። የወሰደኝ ወደ አኒማል ኪንግደም ነበር። እዚያ ያለው ሠራተኛ ነገሬን ሰምቶ ወደ ሌላው ኪንግደም በሚሄድ አውቶቡስ አሳፈረኝ፤ እኔም በአንድ ጥዋት ሁለት መንግሥታትን ተሳልሜ፣ ወደ አንዳቸውም ሳልገባ፣ የማጂክ ኪንግደም ደጅ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ከነበረው ቤተ ሰቤ ጋር ተገናኘሁ። ልጄ አልተቆጣችም፤ መነጽሬን ብቻ በክር አሥራ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ።

ሐይቁንና ጀልባውን ግን ለባለ መኪናዎቹ ብቻ አልተውንላቸውም። ማታ ማታ፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖረን፣ በጀልባ ተሻግረን በሞኖሬል እንመለስ ነበር። ሐይቁ በሰው ጥበብ የተቆፈረ ነው፤ የወጣው አፈርም መናፈሻው የተሠራበትን ቦታ ለማንሣት ዋለ፤ ከዚያም በታች ሠራተኞቹ ለብሰውና ተሸልመው ሰው ሳያያቸው የሚመላለሱባቸው አዳራሾች ስላሉ፣ ጎብኚው መሬት ረገጥሁ ሲል የሚሄደው በሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። የእኛ አባቶች በላሊበላ ዓለቱን ወደ ታች ፈልፍለው ቤተ መቅደስ አወጡ፤ እነዚህ ደግሞ ወደ ታች መቆፈር ቢሞክሩ ውኃ የሚያፈልቅባቸው አገር ላይ ስለ ሆኑ፣ ምድሩን ራሱን ወደ ላይ ከፍ አደረጉት። ባለ መኪናውን ከማዶ አስቁሞ በውኃ የማሻገሩም ነገር፣ እግዚአብሔር ለአነጋገሬ ይቅር ይበለኝና፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አሳሰበኝ፤ ሰው ከውጭ ዓለም ተነሥቶ በአንድ እርምጃ ወደ ውስጥ እንዲገባ አልተፈለገም። ይህንን ለልጅ ልጄ ብነግራት፣ «አባባ፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ምግብ ቤት አለ እኮ» አለችኝ፤ እኔም ምሥጢሩን ማብራራቴን በዚያው አቆምሁ።

ሦስቱ ትልልቅ ጀልባዎች እያንዳንዳቸው 600 ያህል ሰው ይጭናሉ፤ ስማቸውም ይህን አገር ባቀኑት ሰዎች ስም የተሰየመ ሲሆን፣ አንደኛው የባሕር ኃይል አድሚራል የነበረው የጆ ፋውለር፣ ሁለተኛው የሪቻርድ ኧርቪን፣ ሦስተኛውም ቀድሞ የፓናማ ካናል አገር ገዥ የነበረውና በኋላ ይህንን ረግረግ በቦይ ያደረቀው የጄኔራል ጆ ፖተር ነው። ለቦይ ሥራ መኰንን በስሙ ጀልባ መሰየሙ ደስ ይላል። ሞኖሬሉ ደግሞ በአንድ ሆቴል ሆድ ውስጥ፣ ሰዎች ቁርስ ከሚበሉበት አዳራሽ በላይ፣ ሾልኮ ያልፋል፤ ዮናስ ከዓሣ ነባሪው ሆድ ገብቶ ሲወጣ ሦስት ቀን ፈጀበት፤ እኛ ግን በአንድ ደቂቃ ጨረስነው።

በመናፈሻው ዙሪያ የሚዞሩት በእንፋሎት የሚሄዱ አራት ባቡሮች ከሁሉ ይልቅ አሮጌ ናቸው፤ ከ1916 እስከ 1928 ባሉት ዓመታት በባልድዊን ፋብሪካ ተሠርተው፣ ለብዙ ዘመን በሜክሲኮ በዩካታን ጭነትና ሰው ሲጎትቱ የኖሩ ናቸው። የእኛ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 ስለ ሆነ፣ ከእነዚህ መካከል ታላቅየው በዕድሜ የለገሀሩ ባቡር እኩያ ነው ማለት ነው። ጡሩምባው ሲነፋ ከወንበሬ ብድግ አልሁ፤ በልጅነቴ ለገሀር አባቴን ልቀበል የቆምሁ መሰለኝ። የድሬ ዳዋ ብርቱካንና መንደሪን በመስኮት የሚሸጥበት ጣቢያ ቢኖራቸው ኖሮ ጕድለት አላገኝባቸውም ነበር።

ስካይላይነር የሚሉትን ግን ያለ ጸሎት አልተሳፈርሁበትም። ይህ በ2019 ሥራ የጀመረ፣ በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ በሰማይ የሚሄድ ሳጥን ነው፤ የሠሩትም በአገራቸው በረዶና ተራራ ላይ እንዲህ ያለውን ገመድ መዘርጋት የለመዱ የኦስትርያ ሰዎች ሲሆኑ፣ እዚህ የዘረጉት ጉብታ እንኳ በሌለበት ሜዳ ላይ ነው። አንዱ ሳጥን 10 ሰው ይይዛል። ሳይቆም እየተንፏቀቀ ሲመጣ የልጅ ልጄ፣ አማርኛን ያስተማራት እናቷ «እርስዎ» የሚለውን ስላዘገየችባት፣ «አባባ፣ ና! ቶሎ ግባ!» ብላ እጄን ጎተተችኝ። በሩ ተዘግቶ ከምድር ከተለየን በኋላ ነጂው ማን እንደ ሆነ ጠየቅኋት። «ማንም» አለችኝ። ውዳሴ ማርያሜን ከልቤ መድገም ጀመርሁ። ወደ አማቼ ብመለከት ግን ያ ቀኝ እግሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘና ብሎ ተዘርግቷል፤ ነጂ በሌለበት የነጂ ስሕተት የለምና፣ ራሱን በመስታወቱ ላይ አስደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል። ኤፕኮት እስክንደርስ አልቀሰቀስነውም። ወደ ማታ ስንመለስ መብረቅ ስለ መጣ ገመዱ ቆመ፤ የፍሎሪዳ የሐምሌ ዝናብ እንደኛ ክረምት ሲያጉረመርም አይውልም፤ ፀሐዩ ጀርባህን እያቃጠለ ሳለ ድንገት በባልዲ እንደሚደፉት ይወርዳል። በአውቶቡስ ገባን፤ እግሩም ወደ ሥራው ተመለሰ።

በአራተኛው ቀን ያየሁትን ነገር ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በማጂክ ኪንግደም ውስጥ፣ መጪውን ዘመን ያሳያል በተባለው ሰፈር፣ ፒፕል ሙቨር የሚሉት አለ፤ ሞተር የሌላቸው ትንንሽ ሠረገላዎች፣ በሐዲዳቸው ውስጥ በተቀበረ የማግኔት ኃይል እየተገፉ፣ ከሰው ራስ በላይ በተዘረጋ መንገድ በዝግታ የሚዞሩበት፣ ከ1975 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። አያስፈራም፤ አያስጮኽም፤ ወረፋውም አጭር ነው፤ በዚህ ምክንያት የሚወዱት ሽማግሌዎችና የደከሙ አባቶች ናቸው። እኔና አማቼ ጐን ለጐን ተቀምጠን ስንሄድ፣ መንገዱ ወደ ጨለማ ገባና በአንድ በኩል መስታወት ታየ፤ ከመስታወቱ ኋላ ትንንሽ ቤቶች፣ ትንንሽ ዛፎች፣ ትንንሽ መብራቶች የበሩባት አንዲት ከተማ ተቀምጣለች። ሰዎች እየተጫወቱ ያልፏታል፤ ብዙዎቹም አያዩዋትም።

ያቺ ከተማ ዋልት ዲዝኒ ያን ሁሉ ጋሻ መሬት የገዛላት ከተማ ናት። ሐሳቡ መናፈሻ ብቻ አልነበረም፤ 20,000 ሰው የሚኖርባት፣ መካከለኛ ክፍሏ ከፀሐይና ከዝናብ በጣራ የተከለለ፣ መኪናና የጭነት ካሚዮን ከምድር በታች በዋሻ እንዲሄዱ የተፈረደባቸው፣ ከላይ ግን እግረኛ ብቻ የሚነግሥባት ከተማ ሊሠራ ነበር። ነዋሪው ከቤቱ ወደ መካከሉ የሚመጣው በእነዚህ በተቀመጥንባቸው ሠረገላዎች፣ ራቅ ወዳለው ሥራው የሚሄደው በሞኖሬል ሲሆን፣ መኪና ለዕለት ኑሮው እንዳያስፈልገው ታስቦ ነበር። ይህንን ሁሉ በ1966 ኦክቶበር በፊልም ተነሥቶ ካስረዳ ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተ፤ ወራሾቹም ከተማዋን ያለ እርሱ ለመሥራት አልደፈሩም፤ የከተማዋ ስም የነበረው ኤፕኮት ብቻ ቀርቶ በ1982 ለተከፈተው መናፈሻ ተሰጠ። ሠረገላዎቹም ሰውን ከቤቱ ወደ ሥራው ማድረሳቸው ቀርቶ፣ እነሆ ከተነሡበት ተነሥተው እዚያው ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ። ሰዎችም ከሩቅ አገር መኪናቸውን እየነዱ መጥተው፣ ለማቆሚያው ከፍለው፣ መኪና በማያስፈልግበት ምድር ጥቂት ቀን ተመላልሰው፣ ደክሟቸውና ደስ ብሏቸው እንደ ገና ወደ መኪናቸው ይገባሉ። ለእኔ ይህ የሐዘን ቅኔ ነው፤ ሰምና ወርቁን የሚፈታው ግን አላገኘሁም።

አራት ጊዜ ዞርን። በሦስተኛው ዙር ነገሩን ሁሉ ለአማቼ ተረኩለት፤ በጥሞና ሰማኝና፣ ከተማዋ በመስታወት ስትታይ ቀና ብሎ አይቷት፣ «ታዲያ አባባ፣ ይቺ ከተማ ተሠርታ ቢሆን ታክሲ ነጂ ምን ይሠራ ነበር?» አለኝ።

«ይሳፈር ነበር» አልሁት። በአራተኛው ዙር ምንም አልተናገረም።

ስእለቱ የፈረሰው በመጨረሻው ሌሊት ነው። ልጄ በአፍሪካ አምሳል የተሠራውን ሆቴል ካላየሁ አልመለስም ስላለች ወደዚያ ሄድን፤ እውነትም ከሰገነቱ ላይ ቀጭኔውም የሜዳ አህያውም ይታያል፤ ውቅያኖስ ተሻግሬ መጥቼ ከሁሉ ይልቅ ዓይኔን የሳቡት ግን ቀንዳቸው የክንድ ያህል የሚረዝም የአንኮሌ ከብቶች ነበሩ፤ ገዢ እንደሚመርጥ ሰው ጥርሳቸውንና ሻኛቸውን ስገምት ሰዓቱ ነጐደ። የዚያ አገር አውቶቡስ ከሆቴል ወደ መናፈሻ፣ ከመናፈሻም ወደ ሆቴል ይሄዳል እንጂ ከአንዱ ሆቴል በቀጥታ ወደ ሌላው አይሄድም፤ አኒማል ኪንግደምም ገና በጊዜ ተዘግቷል፤ ስለዚህ የቀረን መንገድ ዲዝኒ ስፕሪንግስ ወደሚባለው የገበያ ሰፈር ሄዶ እዚያ አውቶቡስ መለወጥ ነበር። ሕፃኑ በአንቀልባው ውስጥ ተኝቷል፤ የልጅ ልጄ ቆማ ታንቀላፋለች፤ ልጄም ባሏን ተመለከተችው። አንዲት ቃል አልተናገረችም። አማቼ ወደ እኔ ወደ ምስክሩ ዞሮ፣ «አባባ፣ ምን ይላሉ?» ሲለኝ፣ ስእለት ለሰው ተሠራ እንጂ ሰው ለስእለት አልተሠራም የሚል ትርጓሜ እንዳለ ነገርሁት፤ እርሱም ስልኩን አወጣ።

በስልኩ ላይ የመጣው የነጂው ስም የእኛው አገር ስም ሆነና ተያየን። መኪናው ሲደርስ ነጂው ወርዶ፣ እኔን ባየ ጊዜ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና፣ «አባቴ፣ እዚህ አገር ማን አመጣዎ?» አለኝ። አማቼ ከፊት ተቀመጠ። ገና ከደጁ ወጥተን የመጀመሪያው መብራት ጋ ስንደርስ ነጂው ወደ አማቼ እግር ጐንበስ ብሎ አየና፣ «ወንድሜ፣ አንተም ነጂ ነህ መሰለኝ» አለው። ከዚያ ወዲያ የሁለቱን ጨዋታ የሚያቋርጠው አልተገኘም፤ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ጐማ፣ ስለ ወገብ ሕመም፣ ሁሉም ተነሣ። ሆቴላችን ደጅ ስንቃረብ እኔ ከሁለተኛው ቀን ወዲህ ያፈንኋትን ቃል በሙሉ ድምፄ «ወራጅ አለ!» ብዬ ለቀቅኋት፤ ነጂውም በሳቅ ፈንድቶ ፍሬኑን ሲረግጥ አማቼም ከጐኑ እኩል ረገጠ።

የጕዞው ዋጋ አስቀድሞ በስልክ ተከፍሏል፤ ነጂው ግን ከሽማግሌና ከሕፃን ገንዘብ ተቀብዬ ማደር አልችልም ብሎ ከኪሱ 20 ዶላር አውጥቶ ለአማቼ ዘረጋ። አማቼ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ጉርሻ ሊሰጠው 20 ዶላር አውጥቶ ይዟል። «በመድኃኔ ዓለም ትወስዳታለህ!» «በእመቤቴ አልወስዳትም!» «አባቴ፣ ይፍረዱ እንጂ!» እየተባባሉ ሁለቱ ብሮች በሁለቱ ሰዎች መካከል ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ፣ ከመኪናው ሲወርዱ፣ በመስኮት ሲወረወሩ፣ እንደ ገና ሲመለሱ ቆዩ፤ በመጨረሻ ነጂው መስኮቱን ዘግቶ፣ እጁን ከውስጥ እያውለበለበ፣ ነድቶ ሄደ። ቀይ መብራቱ ከጫካው ኋላ ከጠፋ በኋላ አማቼ ኪሱን ዳሰሰ። የልጅ ልጄ ከእግራችን ሥር የወደቀ አንድ የታጠፈ 20 ዶላር አንሥታ፣ ዘርግታ፣ በሁለት በኩል ገልብጣ አየችውና ወደ እኔ ቀና አለች።

«አባባ፣ ይሄ የማንኛቸው ነው?»